አራት ደቂቃ ስለቀረው ክንድ

ለክቡር የአካባቢያችን የጸጥታ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለቀኝ ትከሻዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዱላ ሲያነሳና ሲያወርድ የዋለ ትከሻ ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ስለምገምት ነው። እኔ የቢሮዎ በር ላይ ማዕረግዎን በወርቃማ ቀለም የጻፍኩት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ ስሆን፣ በሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ፎቅ ላይ ሰው ከፊታችን አቁመን የምንስልበትን ቡድን አስተባብራለሁ። በራችን ላይ «ማንም ይግባ» ብዬ የጻፍኩትም እኔው በመሆኔ ስለ መግባትዎ ቅር አልተሰኘሁም። የገረመኝ ገፋ ቢያደርጉት የሚከፈተውን በር በእርግጫ መገንጠል ለምን እንዳስፈለገ ነው።

አንደኛ፦ ራቁት ሰው አለ የሚል ጥቆማ ደርሶዎት እንደመጡ ሰምቻለሁ። የሚሳለው ሰው ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ቁምጣ ለብሶ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ኮርኒስ ሲቀባ የኖረ ጡረተኛ ነው፤ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ መቆም ስለለመደና አንዴ ከቆመ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እንኳ ስለማይነቃነቅ ጋሽ ሐውልት እንለዋለን። ያን ዕለት ከዛፍ ላይ ፍሬ የሚያወርድ ሰው ሆኖ የመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ ይዞ ነበር። አቋቋሙ የሃያ ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ሳይደውል ክንድ አይወርድም፤ ከዚህ ሌላ ሕግ የለንም። እርስዎ ከጠባቂዎችዎ ጋር ሲገቡ አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ሁለተኛ፦ በጋሽ ሐውልት የክስ ወረቀት ላይ «በእንጨት ሊመታኝ ሲሰነዝር ራሴን ተከላከልኩ» የሚለውን ቃልዎን አንብቤ አድናቆቴን መደበቅ አቃተኝ። ሊመታ የተነሳ ሰው እንጨቱን አየር ላይ እንደያዘ ተመቺውን ቆሞ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ከፍ ያለ የፈጠራ ችሎታ ይጠይቃል፤ ቡድናችን ውስጥ ቢመዘገቡ የትም ይደርሳሉ። እርግጥ ነው፣ እንጨቱን እንዲጥል አዘዋል፤ እሱም አልጣለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሰዓቱ ሳይደውል ማንም ቢጠራህ አትነቃነቅ ስለው የኖርኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ዱላ ጉልበቱ ላይ አረፈ፤ እግሩ ታጠፈ፣ ክንዱ ግን እዚያው ነበር። ሁለተኛው ጀርባው ላይ ነው። ሦስተኛው ክንዱን አገኘው፤ ጡረታ የወጣችው አዋላጃችን ድምፁን ስትሰማ አጥንት መሆኑን አውቃ እርሳሷን ጥላ ወደ እሱ ስትሮጥ፣ ጠባቂዎችዎ በእንጨት የስዕል ማስደገፊያ ግንባሯን አሏት፤ ሰባት ቦታ ተሰፍታለች። የቀሩትን ማስደገፊያዎች በየጀርባችን ላይ ሰባብረው ጨረሷቸው። የጋሽ ሐውልት ደም ወረቀቶቻችን ላይ ተረጨ። እሱ በደረቱ ተደፍቶ፣ የአንዱ ጠባቂዎ ጫማ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ሰዓቱ ደወለ። ፊቱን እንደምንም ወደ እኔ አዞረ።

«ልጄ፣ አለቀ? ክንዴን ላውርድ?» አለኝ።

ክርኑ ወደማይታጠፍበት ዞሮ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ላይ መቀለድ አልሆነልኝም። ዓርብ የጀመርኩት የዳቦ ቤት ሰሌዳ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ከፍርሃት እንዳይመስልዎ፣ ከንዴት ነው።

ሦስተኛ፦ በእግሩ ይዘው ደረጃውን ሲያስወርዱት ቁምጣው ምስማር ላይ ተቀድዶ ቀረ። ስለዚህ ይህ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ ያየው ብቸኛው ራቁት ሰው በእርስዎ አዘጋጅነት የቀረበ ነው። ጥቆማውን እውነት ለማድረግ ስለደከሙት ድካም የቡድኑን ምስጋና ይቀበሉ።

የምስጋና ነገር ከተነሳ አንድ ይቀረኛል። ጠባቂዎችዎ እንጨት እንጂ ወረቀት መስበር ስለማይቻል ስዕሎቹን ወለል ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ እኛም ለቀምናቸው። አሥራ አንድ ሰዎች ከአሥራ አንድ አቅጣጫ የሳሉት አንድ ክንድ ነው፤ በሁሉም ላይ እንጨቱ ወደ ጣሪያው ያመለክታል፣ ጥላው ሳይቀር ተሞልቷል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ እርስዎ በሩን ከገነጠሉበት ዱላ እስካነሱበት ድረስ ባለው ጊዜ አይሠራም። የለመደ እጅ ሲደነግጥም አያቆምምና፣ በስድስቱ ወረቀቶች ጠርዝ ላይ እርስዎም አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው እጅ መሳል አቅቶት፣ የሳለውን ሰው ሁሉ እጅ ኪስ ውስጥ ሲከት የኖረው ሥጋ ሻጫችን፣ የእርስዎን ጡጫ ከነዱላው አንድ ጣት ሳያጎድል አውጥቶታል። ምስጋናውን አድርስልኝ ብሎኛል።

እንግዲህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ጋሽ ሐውልት ዛሬ አምስተኛ ቀኑን ጣቢያ ውስጥ ክንዱን በሸሚዙ አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ እየጠቆሩ መሆኑን ሴት ልጁ አይታ ነግራናለች። ሐኪም ዛሬ ይየው። ክሱን ነገ ፍርድ ቤት እንነጋገርበታለን፤ ክንድ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

በሩ ላይ ያለውን ማዕረግዎን የጻፍኩ፣ ለመፋቅም በተጠራሁ ጊዜ ያለ አንዳች ማመንታት መሰላሌን ይዤ የምቀርብ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

የሰሌዳ ሠዓሊው

ማስታወሻ፦ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ቃልዎን ሲሰጡ የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር አሥራ አንዳችን እንይዘዋለን፤ አዋላጃችንም ከነስፌቷ ትመጣለች። እርሳሶቻችንን ቀርጸናል። ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ አይነቃነቁ።