ያልመለስኳት ሽቦ

ጥቅምት 3

የሦስት ቁጥር አምቡላንስ ማርሚታ፣ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነው፣ ተበስቶ መጣ። አዲስ ገጠምኩ። ከጭስ ማውጫው ወደ መኪናው አካል፣ ወደ ሻንሲው፣ የምትሄደዋ የተጎነጎነች ሽቦ ዝጋ ኖሮ እጄ ላይ ተበጠሰች። ጣልኳት። ቧንቧው እንደሆነ በጎማ ተንጠልጥሏል፣ ሽቦ ምን ይሠራለታል? ሾፌሩ፣ የእህቴ ባል፣ ራሴ ላይ ቆሞ “ልትቀብረው ነው ልትጠግነው?” እያለ ያጣድፈኛል። ሲያስነሳው ድምፁ ጠፋ። ደስ አለው።

ጥቅምት 9

“ሬዲዮው ይንጫጫል” አለኝ የእህቴ ባል። “ነዳጅ ስረግጥ የንብ ቀፎ ነው የሚሆነው።” አንቴናውን አጠበቅኩ። ሞተር ሳላስነሳ ሞከርኩት፣ ጥርት ይላል። “ጆሮህን ታጠብ” አልኩት። ሳቅን።

ጥቅምት 14

ሴትዮ ሞተች። አስም ነበረባት። ጥሪ ተቀባይዋ የእህቴን ባል በሬዲዮ “ከድልድዩ ወዲህ” ብላዋለች። እሱ “ወዲያ” ነው የሰማው። ተሻግሮ፣ ቤቱን ፈልጎ፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ተመልሶ… ሃያ ደቂቃ። ሲደርስ አልቋል።

ጥቅምት 15

ከሥራ አገዱት። የተቀዳው የጥሪ ተቀባይዋ ድምፅ ጥርት ያለ ነው አሉ። እሱ ግን “ሬዲዮው ሽሽሽ ይል ነበር” ከማለት ሌላ ቃል የለውም። እህቴ ደወለች። “ወንድምዬ፣ ጠጥቶ ነው ይላሉ እኮ! እሱ ቀምሶ ያውቃል?”

ሽሽሽ…

ጥቅምት 17

ሞተሩን አስነስቼ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ነዳጅ ስረግጥ ሽሽሽ… ሰው ቢያወራ አይሰማም። ሳጠፋው ጭጭ። የሬዲዮ ጠጋኙን ሽማግሌ ጠራሁ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

“የዚህ ማሳ፣ የመሬት ሽቦዋ፣ የታለች?”

“ለምን ትጠቅማለች?”

“ካንዴላ እሳት በረጨ ቁጥር ለሬዲዮ ጩኸት ነው። ይሄ ቧንቧ በጎማ ተንጠልጥሎ ከሻንሲው ከተለየ ራሱ አንቴና ይሆንና ጩኸቱን ይበትነዋል። ሽቦዋ ከሻንሲው ጋር አገናኝታ ዝም ታሰኘዋለች። ሌላ ሥራ የላትም።”

ቁራጭ ሽቦ አሰረ። ረገጥኩ። ሬዲዮው ዝም።

“ማነው የፈታት?”

ሞተሩን አጠፋሁ። እሱም ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ጥቅምት 18

አልተናገርኩም።

ጥቅምት 20

እህቴ ቤት ሄድኩ። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። “እኔ ነኝ የገደልኳት” ይላል። እህቴ በር ድረስ ሸኘችኝና “አንተ ባትኖርልን ምን ይውጠን ነበር” አለችኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ጥቅምት 21

ለኃላፊው ነገርኩት። በሩን ዘጋና “ማን ጠየቀህ? ሆድ ይፍጀው በል” አለኝ። ሆዴ እኮ ነው እየፈጀኝ ያለው። ያደረግኩትን ጽፌ ፈረምኩ። መፍቻዎቹን አስረከብኩ፤ ከዚህ በኋላ መኪና አልነካም። ለእህቴ ባል ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋ።

ጥቅምት 28

ወደ ሥራው መለሱት። እህቴ ስልኬን አታነሳም።

ኅዳር 4

የሟቿ ቤት ሄድኩ። የከፈተችልኝ ትልቋ ልጅ ናት። ያን ቀን አምቡላንስ የጠራችው እሷ ነች። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬ ነበር።

“እኔ በትክክል ነው የተናገርኩት?” አለችኝ።

“በትክክል ነው። ወዲህ ነው ያልሽው፤ ጥሪ ተቀባይዋም ያንኑ ነው ያስተላለፈችው።”

የበሩን መቃን ያዘች። “ደንግጬ ወዲያ ያልኩ መስሎኝ… አባቴም እንደዚያ ነው የሚያስበው። ከቀብሩ ጀምሮ አላናገረኝም።” እጄን ያዘችና ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። “ግባ። እሱ ፊት ድገምልኝ።”

አባትየው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ደገምኩት። ሽቦዋን፣ ሬዲዮውን፣ የጣልኳት እኔ መሆኔን። ስጨርስ ተነሱ። እኔን አላዩኝም። አጠገቤ አልፈው ሄዱና የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉ። “ልጄ” አሉ።

መውጫውን ራሴ ፈልጌ ወጣሁ።