በነጠላ ጥለት የተጠቀለለችው ልጅ

ሰይዴ፣ የሐያት አባት፣

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔ ጣና ሞልቶ የጀልባ መሥሪያህን ደጃፍ ነክቶ ነበር፤ ዘንድሮም እንደዚያው ሞልቷል። እንቦጩን ነፋስ እየገፋ አምጥቶ ጀልባ የምታወርድበትን ዳር ሸፍኖታል። ወንድምህ ከማል ከነሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት በእጃቸው እየነቀሉ መንገድ ያወጣሉ። እንጨት አመራረጡ እንዳንተ ባይሆንም ሥራውን አላቆመም። ልጃችን ሐያት ተመርቃ ኮሌጅ ውስጥ ሥራ ይዛለች። እኔም እዚያችው የመረብና የገመድ ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ ይህን የምጽፍልህም ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ ሆኜ ነው።

የተለወጥሁት እኔ ነኝ። ተጠራጣሪ ሆኛለሁ። አንተ ዕቃን ጠርጥሪ፣ ሰውን እመኚ ትለኝ ነበር። እኔ ዛሬ ዕቃውን ትቼ ሰዉን እጠረጥራለሁ። እንዴት ዋልሽ ብሎ የገባ ሁሉ ዓይኑ ወደ ጓዳ የሚሄድ፣ ሣጥንህን የሚፈልግ ይመስለኛል።

ሣጥኑ እንዳለ ነው። ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ሐረግ የተፈለፈለበት የዝሆን ጥርስ ሙዳይ አለ፣ ጥርሱ የረገፈው ማበጠሪያ፣ ጅራቷ የተቆረጠ የነሐስ ዶሮ፣ የነሐሱ አንበሳ። ደግሞ ያቺ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ሥዕል፣ በስስ የዝሆን ጥርስ ላይ በቀለም የተሳለችው ሹሩባ የተሠራች ልጅ። እናትህ በሕይወት ሳሉ ምስል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም እያሉ ይቆጡህ ስለነበር ሁሉንም መቆለፍ ለምደህ ነበር። እኔ ብቻ እንዳይ ትከፍትልኝ ነበር።

ያስተማርኸኝን አልረሳሁም። የዝሆን ጥርስ ብርሃን ላይ ዘንበል ሲያደርጉት እንደ መረብ የተጠላለፈ መስመር ያሳያል፤ አጥንት ግን ነጠብጣብ ነው። አንቺ የመረብ ነጋዴ ነሽ፣ ይህ አይጠፋሽም ብለህ ሳቅህ። ነሐስ ከልቡ ያረጀ እንደሆነ የሚያልቀው እጅ የሚነካው ቦታ ነው፤ እኩል ያለቀ ከሆነ ሰው ሆን ብሎ ፍቆታል። አንድ ሰው አዲስ የተፈለፈለ ጥርስ ይዞ የመጣ እንደሆነ ግን ለኔ ሲባል ዝሆን አይሞትም ብለህ ታባርረው ነበር። ለወገቤ ብለን ወንዛዬ ፍልውኃ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኔ ስታጠብ አንተ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ጩቤው እጀታ ስትከራከር ውለህ እግርህን እንኳ ሳታርስ ተመለስን። ተናድጄ ነበር። መኪና ውስጥ እጀታውን እያገላበጥህ ፊትህ ሲበራ ሳይ ንዴቴ ጠፋ።

ለቅሶው ገና ሳያልቅ ከማል አንድ ሰው ይዞ መጣ። ጥንታዊ ዕቃ የሚወድ ወዳጄ ነው አለኝ። ሰውዬው አላህ ያጽናሽ ብሎ ሳይጨርስ ስለ ሣጥኑ ጠየቀኝ። ሁሉንም ለከማል ሰጥቼዋለሁ አልሁት። ከማል እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ሰውዬውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ እንግዳ አላመጣብኝም።

የከበዱኝ መምህር አድማሱ ናቸው፤ ሥዕል ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡት ጓደኛህ። ዕቃ ፍለጋ አብራችሁ ስትዞሩ የኖራችሁ ሰው ስለሆኑ መምጣታቸው አልገረመኝም። ግን በመጡ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኛል።

«ዘይነብ፣ ትንሿን ሥዕል ለጥቂት ቀን ልውሰዳት? እርጥበት እንዳይጎዳት ልያት ብዬ ነው።»

ስለ ሙዳዩ አይጠይቁም፣ ስለ አንበሳው አይጠይቁም፤ ሁልጊዜ እሷን ብቻ። እምቢ ስላቸው አይቀየሙም፤ ሰንበት ብለው ተመልሰው ይጠይቃሉ። የማይቀየም ሰው ያስፈራል። አስመስለው ሌላ ስለው ሊመልሱልኝ ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ እጃቸው እንደሚችል አንተም ታውቃለህ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእርጥበቱን ነገር ልይ ብዬ ሣጥኑን ከፈትሁ። እኔ ሥዕሏን የማውቃት በአረንጓዴ ሐር ተጠቅልላ ነው፤ ሐሩን ከሠርጌ ሻርፕ ቀድጄ የሰጠሁህ ራሴ ነኝ። አሁን ግን የተጠቀለለችው በነጠላ ቁራጭ ነበር። በእጅ የተፈተለ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ቀይ ጥለት ያለው። ዳሩ እንዳይተረተር በመርፌ ተቀምቅሟል፤ የሴት እጅ ነው። አሸተትሁት። አደስ ይሸታል። እኔ አደስ ተቀብቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ መምህር አድማሱን መጠርጠሬን ትቼ አንተን መጠርጠር ጀመርሁ። ሥዕሏን ጎንደር ከአንድ ነጋዴ ገዛኋት ብለኸኛል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው በአዲስ ዘመን ከተማ በኩል የዋንዛ ግንድ አይቼ ልምጣ እያልህ ትሄድ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝህን ለብሰህ ትሄዳለህ፤ ባለቤቱ ዋጋ ሰቀለብኝ ብለህ ባዶህን ትመለሳለህ። ለግንድ ሥራ ንጹሕ ሸሚዝ ምን ያደርጋል? ያኔ አልጠየቅሁህም። አሁን ተኝቼም ተነሥቼም የምጠይቀው እሱን ሆነ፤ የሚመልስልኝ ግን የለም።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት ሱቅ መጣች። በኔ ዕድሜ ብትሆን ነው፤ መልከ መልካም ናት፤ ነጠላዋ ቀይ ጥለት አለው። ገመድ ልትገዛ መስሎኝ ተነሣሁ።

«የሺ እባላለሁ፣ ከእንፍራንዝ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «የጋሼ ሰይድን ማረፍ የሰማነው ዘግይተን ነው። እናቴ ደክመዋል። ያችን ሥዕል አንድ ጊዜ ብታሳየኝ ብለው ላኩኝ።»

«ባሌን የት ታውቂዋለሽ?» አልኋት።

«ቤታችን ይመጣ ነበራ። ብዙ ዓመት።»

ሥዕል የሚባል ነገር ቤቴ የለም አልኋት። እሷ ግን የእናቷ ስም ጥሩወርቅ እንደሆነ፣ ቤታቸው ከገበያው በላይ ወርካው አጠገብ እንደሆነ ነግራኝ፣ አላህ ያጽናሽ ብላኝ ወጣች።

ሱቁን ዘግቼ በቀጥታ መምህር አድማሱ ቤት ሄድሁ። የሺ የምትባል ሴት መጣችብኝ ስላቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ምን ነገረችሽ?» ነው። ምንም የሌለበት ሰው እንዲህ አይልም። አጥብቄ ስይዛቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ለሰይድ የሰጠሁት ቃል አለብኝ» አሉኝ። «ሂጂና ራስሽ እዪ። ስትሄጂ ግን ሥዕሏን ይዘሻት ሂጂ።»

ያን ሰሞን መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፤ እኔም ጠበቅሁ። መጠበቁ መጥፎ ነው ሰይዴ፣ ልብ ሥራ ሲፈታ የሌለውን ይፈጥራል። በስተመጨረሻ መኪና መሄድ ሲጀምር ሐያትን ይዤ ተሳፈርሁ። የአባትሽን ወዳጆች ልንጠይቅ ነው አልኋት እንጂ የልቤን አልነገርኋትም። እንፍራንዝ ስንደርስ ወርካው ሥር ልጆች ይጫወቱ ነበር። ያንተን አፍንጫ ስፈልግ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። ሐያት ምን ጠፋሽ አለችኝ። ምንም አልሁ።

በር የከፈተችልን የሺ ናት። ደነገጠች፤ ግን አልተቀየመችኝም። እናቷ መደብ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ አሮጊት ናቸው። ያን ያህል አርጅተው ሳያቸው ልቤ ቀለል አለው፤ ወዲያው ግን ልጃቸውስ ብሎ እንደገና ከበደ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥሁ።

«እስኪ ይንገሩኝ» አልኋቸው፣ «ሥዕሏ ምን ትመስላለች?»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። «በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነው ጉትቻ ያላት» አሉኝ። «ሌላውን ያን ዕለት ውኃ ስትቀዳ ጥላው ነበር። ፈረንጁ ሰዓሊም እንዳየ ሳላት።»

እውነት ነው፣ አንድ ጉትቻ ነው ያላት። እኔ ግን ስንት ዓመት ሲያዩዋት ኖረው ቢያውቁ ምን ይደንቃል ብዬ እዚያም ተጠራጠርሁ። ያን ጊዜ አሮጊቷ ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰድደው አረንጓዴ ሐር አወጡ። የኔ ሻርፕ።

«የመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት ባዶ እጄን አልቅር፣ የተኛችበትን ጨርቅ እንኳ ተውልኝ አልሁት» አሉ። «እሷ ራቁቷን እንዳትሄድ ደግሞ ከነጠላዬ ቆርጬ ሰጠሁት።» የነጠላቸውን ጫፍ አነሡልኝ። አንዱ ማዕዘን የለም። ከነጠላቸው ያ አደስ ሸተተኝ።

ቦርሳዬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞረው ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ያዟት። «ደህና ነሽ፣ እናቴ?» አሏት። ከዚያ ወደ ሐያት ዞሩ። «ሌላ ምስል የላትም። እኔ አርጅቼ እሷ ልጅ እንደሆነች ቀረች። አሁን ብንገናኝ እኔ እናቷ እመስላለሁ።»

ታሪኩን የነገሩኝ ሥዕሏን እጃቸው ላይ አድርገው ነው። እናታቸውን ልጅነትሽ ሳያልፍ ልሳልሽ ብሎ አንድ በመንደሩ ያረፈ ፈረንጅ ሳላቸው። ዘመናት አልፈው፣ ባላቸው ታመው፣ ክረምቱ ሲከብዳቸው ገበያ አወጧት፤ የገዛሃት አንተ ነህ እንጂ የጎንደር ነጋዴ አልነበረም። ሌላ ዕቃ ፍለጋ ተመልሰህ የመጣህ ጊዜ እባክህ አንዴ አሳየኝ አሉህ። ከደረት ኪስህ አውጥተህ አሳየሃቸው። አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ መምጣት ጀመርህ። ሸሚዝህን ቀይረህ፣ ስኳር ይዘህ፣ ከሰዓት ሙሉ አብረሃቸው ተቀምጠህ፣ ሥዕሏን ይዘህ ትመለሳለህ።

«ልተውልዎ ብሎዎት ያውቃል?» አልኋቸው።

«አንድም ቀን» አሉና ሳቁ። «እኔ ስይዛት ዓይኑ ከእጄ አይነቀልም። ተሰናብቶ ከበር ሲወጣ ኪሱን ይዳብሳል፣ ወርካው ጋ ሲደርስ ደግሞ ይዳብሳል። ባለቤትህን ለምን አታሳየንም ስለው ‹ዘይነብ ከሰማች ዛሬውኑ መልስ ትለኛለች› ይለኝ ነበር።»

ሐያት ሳቀች። እኔ አልቻልሁም። ሴት ደብቀህብኝ መስሎኝ ነበር፤ የደበቅኸው ከኔ ፍርድ ነው። እውነትህን ነው፣ ዛሬውኑ መልስ እልህ ነበር። እንደዚያ አድርገህ ማወቅህ አስደሰተኝም፣ አቃጠለኝም።

ተነሥቼ እጃቸውን ያዝሁ። «ትቅርልዎ» አልኋቸው። «የእናትዎ ናት።»

ሥዕሏን በሐሩ ሳይሆን በነጠላቸው ቁራጭ መልሰው ጠቀለሏት። መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ።

«አይሆንም ልጄ። ወንዶቹ ልጆቼ የሚሸጥ ሲያጡ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ እዚህ ከዋለች አትከርምም። ደግሞስ እሷ እዚህ ከቀረች አንቺ ምን ብለሽ ትመጫለሽ?»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ኪሴን ስዳብስ ሐያት አየችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

መምህር አድማሱም ሥዕሏን ሊወስዱ የፈለጉት ለዚህ ነበር፤ ለኔ ላይነግሩ የገቡልህን ቃል ሳያፈርሱ ለአሮጊቷ ሊያሳዩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዒድ በኋላ መንገዱ ሲፈቅድ ሦስታችን አብረን ሄድን። እማማ ጥሩወርቅ ደክመዋል፤ ግን ዓይናቸው አሁንም እሷን ያያል። ስኳሩንም አልረሳሁም።

አንድ ጥርጣሬ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። እሳቸው ትቅርልዎ ብትላቸው እንደማይቀበሉህ ታውቅ ነበር? ካወቅህ፣ ቃሉን ማለት ብቻ ምን ነበረበት? ካላወቅህ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት እናቱን ካጣ ሰው እጅ እየተቀበልህ እንዴት ተመለስህ? እማማን ጠየቅኋቸው። «የሚወድ ሰው እንዲህ ነው» ብለው አለፉት። እኔ አላለፍሁትም።

መምህር አድማሱ ሰው ፊት ስለ ደግነትህ ያወራሉ፤ ሥዕል ተሸክሞ አሮጊት ሊጠይቅ ያን ሁሉ መንገድ ይሄድ ነበር ይላሉ። የሰማ ሁሉ አላህ ይዘንለት ይልሃል፤ እኔም አሚን እላለሁ። ልረሳህ አልችልም፤ የማስታውስህ ግን ሙሉህን ነው። ስኳር ይዞ የሚሄደውንም ሰይድ፣ ልተውልዎ ማለት ያቃተውንም ሰይድ። ሁለቱንም ያገባሁ እኔ ነኝ፤ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አንዱን ጥዬ ሌላውን ብቻ አላነሣም።

ዘይነብህ
ባሕር ዳር