ያልደረቀ እጅ

ውድ ወንድምዓለም፣

ደከመኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እማዬ ብትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ መሥሪያ ቤት ያሉት ደግሞ «እረፍት ውሰጂ» ብለው ይገላገሉኛል። አንተ ከሞትክ ወዲህ ምንም ብነግርህ አትደነግጥምና ለአንተ ልጻፈው።

ያ በእጅህ የሠራኸው የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ሲንተሳይዘርህ፣ ከቤት ሊወጣ ሆነ። እማዬ ደረጃው አልሆናት ስላለ ምድር ላይ ያለች ጠባብ ቤት ተከራየን፤ ሳጥኖችህና የገመድ ጫካህ አይገቡባትም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በደስታ እወስደዋለሁ አለ፤ ግን መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ሊያሳየው ነው። ካልነኩት ደግሞ ድምፅ የለውም። «ፒያኖ ቁልፍ ይበቃዋል፣ የኔው ሰው ካላገኘ አይዘፍንም» እያልክ ስትጎርርበት ትዝ ይለኛል። ሁለቱን የመዳብ ሰሌዳዎች በሁለት እጅ ሲይዟቸው፣ የባትሪው ኃይል በገላ አልፎ ሲዞር ነው የሚዘፍነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ያንተ ጭንቅላት ብቻ ነው የሚወልደው።

ሳይሄድብኝ ድምፁን ላተርፈው ብዬ፣ ሶፍትዌር በምንሠራበት ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም አድርገን መሥራት ያዝን፤ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ እንዲጫወትበት። ሳጥኑን በሳጥን፣ ገመዱን በገመድ ገለበጥነው። ሁሉም መጣ፣ አንተ ብቻ ቀረህ። ቀድተህ በተውከው ካሴት ላይ ድምፁ ሲጀምር ሙሉ ነው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሳሳል። ሰሌዳዎቹን እኔ ስይዛቸው ግን ከመነሻው የትንኝ ድምፅ ነው። የቢሮው ሰው በሙሉ ቤት እየመጣ እጁን ሞከረ፤ ሁሉም ትንኝ።

አለቃዬ «ወንድምሽን እጁን ያልበው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። አብሬህ አድጌ እጅህን አለማወቄ አንገበገበኝ። ከዚያ በኋላ ካሴቱን መስማት ራሱ አስጠላኝ፤ ሥራ ነውና ሰማሁት።

ዕቃ የምናሽግ ቀን አቧራው ሲያስጠላኝ እጄን ታጠብኩ። ፎጣዎቹ ካርቶን ገብተዋል። እንደረጠብኩ ተመልሼ፣ ባትሪው እንዳልጠፋ እንኳ ሳላይ፣ ሰሌዳዎቹን ላነሳ ያዝኳቸው።

መጣህ። ያው ሙሉ ድምፅህ ክፍሉን ሞላው።

እማዬ ከወጥ ቤት እንደ ድሮው ጮኸች፤ «አንተ ልጅ! ፎጣውን የሰቀልኩልህ ለጌጥ ነው?»

ከዚያ የምትጠቀልላቸው ሳህኖች ኮሽታ ቆመ። መጥታ በሩ ላይ ቆመችና እጄን አየች።

«ታጥቤ ነው፣ ፎጣው ታሽጓል» አልኳት።

«እሱም ምን አደረቀና» አለች። «እድሜ ልኩን ሲያንጠባጥብ ነው የኖረው፤ ወለል ስወለውልለት።» ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። እጄ እየደረቀ ሲሄድ ድምፁ ሳሳ። ተነስቼ እንደገና ታጠብኩ፣ ደግሞም ታጠብኩ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ሁለታችንም ተነፋረቅን።

ቢሮ ስነግራቸው፣ «ለካ ውሃው ነው ኃይሉን የሚያሳልፈው» አሉና የእጁን ቀስ በቀስ መድረቅ ሶፍትዌሩ ውስጥ ከተትነው፤ ልክ አንተ። አለቃዬ ግን ከነከነው። «ድምፁ በራሱ ሲሳሳበት ደንበኛው ተበላሸ አይለንም?»

«ይበል እንጂ!» አልኩት።

ብዙ ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ አንዲት ማዞሪያ እንድትጨመር ተስማማን፤ ወደ ግራ ጥግ ድረስ ካዞሯት እጁ ጨርሶ አይደርቅም። ስሟን እኔ አወጣሁላት፤ «ፎጣ» ትባላለች። ለምን እንደሆነ አላስረዳኋቸውም፣ አቅምም አልነበረኝም።

ተሸካሚዎቹ ሳጥኖችህን ሲያወርዱ እማዬ መስኮት ላይ አልቆመችም። ትናንት፣ አዲሱ ቤት ገና ካርቶኑ ሳይፈታ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ «ፎጣ»ዋ ምን እንደምትሠራ ለእማዬ አሳየኋትና ድምፅህን አስነሳሁት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥባለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ዛሬ አትቆጪም?» አልኳት።

«ተይው፣ ይጫወትበት» አለች።

ጥቂት ቆይቶ ድምፁ መሳሳት ጀመረ። ውሃውን ዘጋች። ዞር ሳትል፣ «ፎጣውን አርቂለት» አለችኝ።

ማዞሪያዋን እስከ ግራው ጥግ አዞርኳት።

አሁን ልተኛ ነው። አንተም እንደረጠብክ ደህና ሁንልን።

እህትህ