የሲኞራዋ ጠረጴዛና የእኛ በርጩማ

ወንድሜ ደጋጋ፣

ካዛንቺስ የምትሠራላት ሲኞራ የሰጠችህ ጠረጴዛ ከገባ ወዲህ ቤታችን ግማሹ ሮማ፣ ግማሹ ቂርቆስ ሆኗል። ትናንት የንስሐ አባቴ በርጩማችን ላይ ሲቀመጡ ከጠረጴዛው በላይ የታየው ጥምጥማቸው ብቻ ነበር። እጃቸውን ሽቅብ ሰደው ወጡን በዳበሳ ሲፈልጉ አንተ ተንከትክተህ ሳቅህ!

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የጠረጴዛውን እግር በመጋዝ ትንሽ ቆረጥኩለት።
አንደኛው አጠረ።
ሌሎቹን ከሱ ጋር ላስተካክል ብዬ ስቆርጥ፣ ሌላው አጠረ።
ከዚያ በኋላ ያለውን ራስህ ታየዋለህ።

አይቆጨኝም። ትንሽ ግን ይቆጨኛል።

መጋዙን ላንቻ ላሉት ሰውዬ ልመልስ ሄጃለሁ፤ እስኪበርድልህ እቆያለሁ።

ምሳህን በርጩማው ላይ ከድኜልሃለሁ።
አንተ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥ።

ገብረጻድቃን