ከጠላቂው የተደበቀ መርዶ፦ የአቶ ፍቅረሥላሴ ይመር የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍቅረሥላሴ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘሪቱ እንድሪስ በ1955 ዓ.ም. ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታተሉ፤ ዋናን ግን እናታቸው በአርጩሜ እየከለከሏቸው ከሐይቁ ተማሩ።

በ1974 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብተው ምፅዋ ላይ በጠላቂነት ሠለጠኑ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ተሰደው ግብፅ ደረሱ፤ በቀይ ባሕር ቱሪስት እየመሩ ኮራል ማሳየት ያዙ። ኮራል ከባሕር ሥር የሚበቅል፣ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው፤ ሲሞት ይነጣል። አቶ ፍቅረሥላሴ ይህን ሳያስረዱ ከሰው ሰርግ እንኳ አይወጡም ነበር። ካይሮ ላይ ከወ/ሮ መሠረት ጋር ተጋብተው ሊዲንና ዮናታንን ወልደዋል።

በ1992 ዓ.ም. ዴንቨር ገቡ። ባሕር በሌለበት አገር ጠላቂ ምን ይሠራል ሲባል ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያሳይ አንድ አኳሪየም ቀጠራቸው። እስከ ጡረታቸው ድረስ መስታወት ውስጥ እየጠለቁ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ኮራል በብሩሽ አጠቡ። ወዴትም ቢዋኙ መስታወት ነው። አላማረሩም፤ ጡረታ ስወጣ እውነተኛውን አየዋለሁ ይሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ሳንባቸው ታመመ፤ ሐኪም አውሮፕላን ከለከላቸው። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ባለው ቤታቸው የኦክስጅኑ ቱቦ እስከሚደርስበት፣ ከሶፋው እስከ መስኮቱ ብቻ ሆነ መንገዳቸው። እስረኛ ሆንኩ ያሉት ያኔ ነው።

ስለዚህ ሊዲ መጥለቅ ተምራ፣ ባለፈው ጥቅምት እሳቸው ይመሩበት ወደነበረው ቦታ ሄደችላቸው። ባሕሩ ሞቆ ኮራሉ ነጥቶ ጠበቃት። ቤተሰቡም ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም ብሎ መከረ፤ ዮናታን ከአኳሪየሙ ቪዲዮ ቀርጾ ከግብፅ የመጣ ነው ብሎ አሳያቸው።

ምን ያደርጋል፣ ጥቂት አይተው "ልጆቼ፣ ይሄን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ" አሉ።

"ሶሪ ዳዲ፣ ሁሉም ነጭ ሆኗል" ብላ ሊዲ አለቀሰች። እሳቸው ነጠላቸውን አስመጥተው እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ሊዲ ግብፅ የቀረጸችውን እውነተኛውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። "እኔስ ሐይቅን፣ ምፅዋን፣ ግብፅን ትቼ ሸሽቻለሁ። ኮራሉ በምን እግሩ ይሽሽ?" አሉ። ከዚያም የእኔን ሞት ከእናቴ እንዳትደብቁ ሲሉ አደራ ሰጡ።

አቶ ፍቅረሥላሴ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አርፈዋል። ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ከእኛ ጋር እዚህ አሉ። እናታቸው ወ/ሮ ዘሪቱም በአደራው መሠረት ትናንት ማለዳ ሐይቅ ላይ መርዶውን ተረድተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መስታወት በሌለበት ሰፊ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውም ብርታቱን ይስጥልን።