ድምፅ የሌለው ፊልም

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1953

እንደ ሁልጊዜው ሰኞ... ፊልም። ትናንት የተሸነፍንበትን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ እየመለስኩ ሳይ ዋልኩ። አሰልጣኝ ብራንት ያዘዙኝ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ምልክት እንዳደርግ ነው፤ ሥራውን ከሠራ መደመሪያ፣ ካልሠራ መቀነሻ። ኮሌጅ ገብቼ ሒሳብ የተማርኩት ለዚህ ነበር? ቢሆንስ? ደስ ይላል።

ኤልመር በበሩ ብቅ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ፊት መስመር ላይ ቆሞ፣ ሰው እየገፋ ለኳስ ያዡ መንገድ ሲከፍት የኖረ ግዙፍ ሰው።

"ምሁሩ፣ ስንት ቀነስክብኝ?"

"ስድስት።"

"ዶራ እንኳ በቀን ከአራት አታልፍም" ብሎ ሳቀ። ዶራ ሚስቱ ናት። ረቡዕ ምሳ ጠራኝ፤ ሥጋ በጎመን ጠቅልላ ትጠብቀናለች።

ኦክቶበር 11

34 ለ 3። ሦስት ተጫውተን ሦስቱንም ተሸነፍን። ዝናብ። ሰዉ ጨዋታው ሳያልቅ መውጣት ጀመረ። የቀሩት ለመሳደብ የቀሩ ናቸው። ግን ዘጠኝ ጨዋታ አለን... ይስተካከላል።

ኦክቶበር 26

አሰልጣኙ ጠሩኝ። "ከመስመሩ ደካማው ማነው? ይሉኝታህን ተውና ወረቀቱን አሳየኝ።"

ሰጠኋቸው። ኤልመር፣ በአምስት ጨዋታ አርባ አንድ መቀነሻ።

"ጎበዝ። ትጠቅመኛለህ" አሉኝ።

ደስ አለኝ። ልጻፈው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኦክቶበር 27

የላኩት እኔን ነው።

እዚህ ቤት "ተባረሃል" የሚል ሰው የለም። መልእክተኛ ይመጣል፣ ቃሉም አንድ ነው፦ "አሰልጣኙ ይፈልጉሃል። የጨዋታ ደብተርህን ይዘህ ና።" ደብተሩ ከተጠራ አለቀ።

ኤልመር ቁርጭምጭሚቱን በፕላስተር እየጠቀለለ ነበር። ነገርኩት። ፕላስተሩን ቀስ ብሎ መፍታት ጀመረ።

"ወረቀቱ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አርጅቻለሁ።" ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

ኖቬምበር 8

ሰባተኛ ሽንፈት። ያለ እሱ ባሰ።

ኖቬምበር 17

ጨዋታውን ሜዳ ላይ የሚመራው ዴል የድሮውን ፊልም ሊያይ መጣ። ምልክቶቼን አየና አስቆመኝ።

"ይቺን ለምን ቀነስክበት?"

"ወደ ግራ መግፋት ነበረበት፤ ወደ ቀኝ ሄደ።"

"ቀይሬዋለሁ እኮ። ተሰልፈን ሳለን ነው ጮኬ የነገርኳቸው። በዚያ ጫጫታ የሚሰማኝ ኤልመር ብቻ ነበር። የተሳሳቱት ሌሎቹ ናቸው።"

ፊልሙ ድምፅ የለውም። ምን ተባባላችሁ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም... አብረን ቆጠርን። ከአርባ አንዱ ሃያ ስምንቱ ሐሰት።

አሰልጣኙ ዘንድ ሮጥኩ። "ይመልሱት" አልኳቸው።

"ቦታው በወጣት ተይዟል። ለጋዜጣም ተነግሯል። በል ሥራህን ሥራ።"

ኖቬምበር 18

ኤልመር ብረት ፋብሪካ ገብቷል። በሩ ላይ ጠብቄ ነገርኩት።

"በተባረርኩ በሦስተኛው ቀን ሌላ ቡድን ደውሎልኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ምሁሩ ቆጥሮ አልቆለታል ካለ አልቆልኛል፣ ሰው ቤት ሄጄ ሸክም አልሆንም ብዬ።"

"አሁን ደውልላቸው።"

"ሰው ይዘዋል።"

አልተቆጣም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲሴምበር 14

ውድድሩ ትናንት አለቀ። አንድ አሸንፈን አሥራ አንድ ተሸነፍን።

ከሰዓት በኋላ ፊልሙንና ማሳያውን ተሸክሜ ኤልመር ቤት ሄድኩ። ዶራ መጋረጃውን ዘጋችልን። ኤልመር ከምስሉ እኩል፣ ያኔ ዴል ያለውን ሁሉ እየጮኸ ነገረኝ፣ አንድም አልረሳም። እኔ መቀነሻዎቹን እየሰረዝኩ ጻፍኩ። ለማን? ማንም አይጠይቀኝም።

ሁለተኛው ጥቅልል እሱ የሌለበት ጨዋታ ሆኖ ተገኘ፤ በስህተት ይዤው መጥቻለሁ። ላጠፋው ስል "ተወው" አለኝ። በቦታው የገባውን ወጣት ጎንበስ ብሎ ያየው ጀመር።

"እዚህ ላይስ ምን ተባባሉ?" አልኩት፣ ሳላስበው።

"እኔ ምን አውቄ። አልነበርኩም።"

ቆየት ብሎ፦ "ልጁ ጥሩ ነው። ሲቆም እግሩን ያሰፋል እንጂ። ንገረው።"

"እሺ" አልኩት።

ልጁ ዛሬ ጠዋት ደብተሩን አስረክቧል። የተላክሁት እኔ ነበርኩ።