የኮርቻ መደላድል ከምድጃዬ ላይ ይውረድ

እንጅባራ፣ በገዛ ቤቴ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

እኔ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ዓለምነው፣ የአንገቴ እንቅርት ትንፋሼን ቢያሳጥረውም ልቡናዬን ስላልነካው፣ ማንም ሳያስገድደኝ በእማኞች ፊት የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። በሚመጣው ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ አንገቴን ልቀደድ ነው። ከዳንሁ እሰየው፤ ካልዳንሁ ግን ቤቴ እንዲረክስብኝ አልፈልግም። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ስለተማርሁ ራሴ መጻፍ አያቅተኝም። በአቶ ውብአየሁ እጅ የማስጽፈው እየተናገርሁ የወንድሜን የስማቸውን ፊት ማየት ስለምፈልግ ነው። ኑዛዜ ሲነገር ጣልቃ አይገባም፤ ስለዚህ ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ነፍሴን ለሰጠኝ ጌታ እመልሳለሁ፤ ሥጋዬ ከባለቤቴ ከነጋ አጠገብ ይረፍ። ከጎረቤቴ ከወይዘሮ እታለማሁ የተዋስሁትን ወንፊት ዛሬውኑ ይዛው ትሂድ፤ ሌላ የሰው ዕቃ በእጄ የለም።

ከአባታችን የደረሰኝ የእርሻ ድርሻ ለወንድሜ ለስማቸው ይሁን። ሣሩም ለፈረሱ ይበቃዋል። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ የሚቀፈኝ ልማዱ ነው።

ስለ ምድጃው እንዲህ ነው። ባለቤቴ ነጋ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መንገድ ሥራ ላይ ብረት ሠራተኛ ነበር። እናቴ በጎጆ ጭስ ዓይኗ ጠፍቶ መሞቷን ባጫወትሁት ጊዜ፣ «ያንቺን ዓይን ጭስ አይወስደውም» ብሎ ከአሮጌ በርሜል የብረት ምድጃ ሠራልኝ። ማገዶው በበሩ ይገባል፣ ድስቱ ከላይ ይጣዳል፣ ጭሱ በቧንቧ ጣራውን አልፎ ይወጣል። ስማቸው ቤቱ በክረምት ሲፈርስበት ከነሚስቱና ከነፈረሱ እኔ ዘንድ ገባ። ሚስቱ ዘውድነሽ ስትመጣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ያለቅስ ነበር። በዚህ ምድጃ ስታበስል ከርማ ይኸው ዛሬ ክር በመርፌ ታስገባለች።

ወንድሜ ግን ምድጃውን ሲያይ የታየው ሌላ ነው። በዚህ በእንጅባራ ጭጋግ ምንም አይደርቅምና ፈረሰኛ ሁሉ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን መደላድል ከእሳት ዳር ይሰቅላል። ይህን አውቃለሁ፤ የአባቴም ይሰቀል ነበር። ከወጥ ጎን ግን አልተዘረጋም። ስማቸው ከጉግስ ሲመለስ በላብ የራሰውን መደላድል ከምድጃው አናት ላይ፣ ከድስቱ አጠገብ ያነጥፈዋል። የፈረስ ላብና የፋንድያ ሽታ ከሽንኩርት ቁሌት ጋር ይነሣል። ውብአየሁ፣ «ያቅለሸልሻል» ብለህ አትለፈው፤ «አንጀት ይገለብጣል» ብለህ ጻፍ። ላቡ ብረቱ ላይ ጠብ ሲል ይንጫጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ቢጫ ቅርፊት ሆኖ ይደርቃል፤ ያንን ዘውድነሽ በቢላዋ ስትፍቅ ትውላለች። አሁንም ቃሌን ስሰጥ እዚያው ተዘርግቶ ይተናል።

ባለፈው ሁዳዴ የነፍስ አባቴን አባ ገብረ ማርያምን ሽሮ ጋበዝሁ። እርሳቸው እዚሁ አሉ፤ ከዋሸሁ ያርሙኝ። ገና ጉርሻ ሲጀምሩ ከአፋቸው ነጭ የፈረስ ፀጉር መዘዙ፤ ቢመዙት ቢመዙት አያልቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ወርቅአየሁ፣ ጾሜን አስገደፍሽኝ» አሉ።

ስማቸው ሳያፍር፣ «ግድ የለም አባ፣ ፀጉር ሥጋ አይደለም» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያን ቀን አብረውን የነበሩት ጎረቤቴ አቶ ዑስማን ዛሬም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሲሸፍኑ አያቸዋለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሽሮ ባየሁ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ ይህ የእንቅርቱ ሥራ አይደለም።

ይህንንም በቻልሁት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ስማቸው ከአጥር ማዶ ከጎረቤታችን ከአቶ ውዱ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። እኔ ከአዲስ አበባ ካልተመለስሁ ምድጃውን ነቅሎ ጋጣ ውስጥ ሊተክለው ነው፤ ፈረሱን ብርድ በላው ባይ ነው። አቶ ውዱ፣ ዘውድነሽስ በምን ታበስላለች ብለው ጠየቁት።

«እሷማ ጉልቻና ጭስ ለምዳለች» አለ።

የእናቴ ዓይን መጥቶ ፊቴ ቆመ። ስለዚህ ቤቱን፣ ምድጃውንም ከነቧንቧው፣ ለዘውድነሽ ሰጥቻለሁ። ለእርሷ ለብቻዋ ነው፤ ባሏ የጋራችን ነው ብሎ እንዳይነካው። ቤቱ ከሞትሁ በኋላ ይሁን፤ ምድጃው ግን ብድንም ባልድንም ከዛሬ ጀምሮ የእርሷ ነው። ስማቸው ከእጇ ይብላ፤ መደላድሉን ይዞ የገባ ቀን ግን ምግቡ ደጅ ይውጣለት።

ዘውድነሽ፣ አንቺ ደግሞ ስሚኝ። ማገዶሽ ደረቅ ግራር ይሁን። ቀርከሃ አንጓው ሳይሰነጠቅ አይግባ፤ ባልሽ ድፍኑን ጨምሮት እንደ ጠብመንጃ ሲጮኽ ወጣችን ወለል ላይ እንደ ቀረ አትርሺ። ቧንቧውን ጥላሸት ሳይደፍነው ጥረጊው። በምድጃው በር ማንም እንዳይተፋ። የማን ልማድ እንደሆነ ስም አልጠራም፤ እርሱ ግን ጢሙን እየነካካ ነው።

ይህን ቃሌን ያፈረሰ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከየጉርሻው የፈረስ ፀጉር ሲመዝ ይኑር። አባ ገብረ ማርያም እንዲህ ያለ እርግማን በመጽሐፍ የለም ቢሉም እኔ ጨምሬዋለሁ።

ተናዛዥ፦ ወርቅአየሁ ዓለምነው (ፊርማ)

እማኞች፦ አባ ገብረ ማርያም (ፊርማ)፣ አቶ ዑስማን (ፊርማ)፣ አቶ ውዱ (የጣት አሻራ)፣ ወይዘሮ እታለማሁ (የጣት አሻራ)

ጸሐፊ፦ ውብአየሁ (ፊርማ)

ከፊርማው በኋላ የሆነውም እንዲጻፍ ተናዛዧ ስላዘዙ ጨምሬዋለሁ። ኑዛዜው ተነብቦ ሲያልቅ አቶ ስማቸው ተነሥተው መደላድሉን ከምድጃው አነሡና እስከ ደጃፉ ሄዱ። ውጭ ዝናብ ነበር።

«እትዬ፣ የት ልስቀለው?» አሉ።

«የምድጃውን ባለቤት ጠይቅ» አሉ ተናዛዧ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ዞር ሳይሉ፣ «ጋጣ» ብለው ድስታቸውን ጣዱ።